ለ33 ኖት የተቀረጸ ቀፎ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያስተናገዱ ሦስት ክሩዘሮች የአካልና የኋላ ጫፍ ንድፍ

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጅቡቲ ላይ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለች የእንግሊዝ ክሩዘር ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሃይፋ ወደብ ደረሱ። በግንቦት ወር «ኬፕታውን» የተባለች ሌላ ክሩዘር ከሃይፋ እስከ ጂብራልታር ወሰደቻቸው፤ ከዚያ «ኦርፎርድ» ወደ ተባለች የመንገደኞች መርከብ ተዛውረው ግንቦት 26 ቀን ሳውዛምፕተን ገቡ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ መልሕቋን በጣለችው የአሜሪካ ክሩዘር «ኩዊንሲ» ላይ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ።

በታሪክ ጽሑፎቻችን እነዚህ መርከቦች ከስማቸው ያለፈ ድርሻ የላቸውም። የስደቱ ውሳኔ፣ ጀኔቭ ላይ የተሰማው ንግግር፣ በ1937ቱ ውይይት የተነሡት የባሕር በርና የምድር ባቡር ጥያቄዎች በስፋት ተመርምረዋል፤ ተሳፋሪውን የተሸከመው ብረት ግን እንደ መጓጓዣ ዕቃ ብቻ ታይቶ ታልፏል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ብረት ራሱን እንደ ምንጭ ያነበዋል። የአንድ የጦር መርከብ ርዝመት፣ ስፋትና የኋላ ጫፍ ቅርጽ ሠሪዎቿ የትኛውን ባሕር፣ የትኛውን ጠላት፣ የትኛውን ፍጥነት አስበው እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው። የሚቀርበው መከራከሪያም ይኸው ነው፦ ኢንተርፕራይዝና ኬፕታውን ለሰሜን ባሕር ጦርነት የተቀረጹ ሲሆኑ የኋላ ኋላ የተሰጣቸው ግን የሩቅ ቅኝ ግዛት ባሕሮች አገልግሎት ነበር፤ በዓላማና በአገልግሎት መካከል ያለው ይህ ርቀትም በቀፏቸው ላይ በቁጥር ሊለካ ይችላል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ማስቀደም ያስፈልጋል። የአማርኛ የመርከብ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ መልሕቅ፣ ሸራ፣ መቅዘፊያና መሪ አሉን፤ የብረት መርከብን ክፍሎች ለመጥራት ግን አይበቁም። ስለዚህ እዚህ «ቀፎ» ስል ውኃ የማያስገባውን የመርከቢቱን ዋና አካል፣ «የፊት ጫፍ» እና «የኋላ ጫፍ» ስል የቀፎውን ሁለት መጨረሻዎች፣ «የውኃ መስመር» ስል መርከቢቱ ስትንሳፈፍ የባሕሩ ገጽ ጎኗን የሚነካበትን መስመር ማለቴ ነው። «ኖት» በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስሌቶቹም ሁሉ የመርከቦቹን ሙሉ ርዝመት መነሻ ያደረጉ ናቸው።

ማዕበልና ርዝመት

በውኃ ላይ የምትሄድ መርከብ ሁለት ዓይነት ወደ ኋላ የሚይዝ ኃይል ይገጥማታል። አንደኛው ውኃው ከቀፎው ቆዳ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ነው፤ ይህ በእርጥቡ ገጽ ስፋት ልክ ይጨምራል። ሁለተኛው መርከቢቱ ራሷ ከምታስነሣው ማዕበል የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በቶርኪ ባሠራው የሙከራ ገንዳ ትናንሽ የሰም ሞዴሎችን እየጎተተ ሁለቱን ለይቶ ለመለካት ቻለ። ከእርሱ በኋላ ልጁ ኤድመንድ ሥራውን በሃስላር ቀጠለ፤ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤትም የጦር መርከቦቹን ቀፎ በዚያ እያስፈተነ ይወስን ነበር።

ለክሩዘር ነዳፊ ወሳኙ ነገር የሁለተኛው ኃይል ጠባይ ነው። መርከቢቱ የምታስነሣው ማዕበል ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ርዝመት በፍጥነቷ ብቻ ይወሰናል፤ በጥልቅ ውኃ ላይ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስደን ራሱን በራሱ ብናባዛውና በ0.64 ብናበዛው የማዕበሉን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። በ29 ኖት ማዕበሉ 143 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በ33 ኖት 185 ሜትር፤ በ37 ኖት 232 ሜትር ይሆናል። የማዕበሉ ርዝመት ከመርከቢቱ ርዝመት ጋር ሲተካከል አንዱ ጉብታ በፊት ጫፏ፣ ሌላው በኋላ ጫፏ ሥር ይቆማል፤ መርከቢቱም ሚዛኗን ጠብቃ ትሄዳለች። ማዕበሉ ከእርሷ ሲረዝም ግን ሁለተኛው ጉብታ ከኋላዋ ያመልጣል፣ የኋላ ጫፏ ወደ ጎድጓዳው ይሰምጣል፣ የፊት ጫፏ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኖት የሚጠይቀው ጉልበት እንደ ዳገት መንገድ ነው።

ይህን ይዘን ወደ መርከቦቹ እንመለስ። ከኢንተርፕራይዝ ቀድሞ የነበረው የ«ዳናይ» ክፍል ክሩዘር 144 ሜትር ርዝመት፣ 14.2 ሜትር ስፋት፣ 40,000 የፈረስ ጉልበትና 29 ኖት ፍጥነት ነበረው። ርዝመቱ በከፍተኛ ፍጥነቱ ከሚያስነሣው ማዕበል ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። የኬፕታውን ነገርም ተመሳሳይ ነው፦ 137.6 ሜትር ርዝመት፣ 29 ኖት ፍጥነት፣ 143 ሜትር ማዕበል። ሁለቱም ለፍጥነታቸው ልክ የተቆረጡ ቀፎዎች ናቸው።

ሰባ በመቶ የማይሞላ ምክንያት

ይህን ልክ ያፈረሰው በ1917ና በ1918 የነበረው ስጋት ነው። በኦክቶበር 1917 «ብሩመር» እና «ብሬምዜ» የተባሉ ሁለት የጀርመን ክሩዘሮች በኖርዌይ አቅራቢያ ይጓዝ የነበረን የንግድ መርከቦች ቡድን አጥቅተው ሁለት አጃቢ ዴስትሮየሮችንና ዘጠኝ የንግድ መርከቦችን አሰጠሙ። ጀርመን ከእነዚህም የሚፈጥኑ ክሩዘሮች እየሠራች ነው የሚለው ግምት ለንደን ላይ ተቀባይነት አገኘ፤ ለዚህም መልስ 33 ኖት የሚሄድ ክሩዘር ታዘዘ። ሦስት መርከቦች ታቅደው ነበር፤ ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲያበቃ ሦስተኛዋ ተሰረዘች፣ «ኤመራልድ» እና ኢንተርፕራይዝ ብቻ ቀሩ። ያ የተፈራው ፈጣን ክሩዘር ባሕር ላይ አልታየም። ንዑስ ርዕሱ ላይ «ሰባ በመቶ የማይሞላ» ያልሁት ስሌት አይደለም፤ ግማሽ መረጃና ግማሽ ፍርሃት ተደምሮ የወጣ ንድፍ ስለሆነ ነው።

ከ29 ወደ 33 ኖት መውጣት ፍጥነትን በ14 በመቶ ማሳደግ ነው። ነዳፊዎቹ የ144 ሜትሩን ቀፎ ይዘው ሞተሩን ብቻ ቢያጠነክሩ ኖሮ 185 ሜትር የሚረዝመው ማዕበል ከመርከቢቱ በ28 በመቶ ይበልጥ ነበር። እነርሱ ግን ቀፎውን 173.7 ሜትር አደረጉት፤ የማዕበሉ ብልጫ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ስፋቱ 16.6 ሜትር ሆነ፣ የርዝመትና የስፋቱ ምጥጥን ከ10.1 ወደ 10.5 ከፍ አለ፤ ማለትም መርከቢቱ ከመርዘሟ ሌላ ቀጠነች። ሞተሩን በተመለከተ አዲስ ነገር አልፈለሰፉም፤ ለትልልቅ ዴስትሮየሮች የተዘጋጀውን 40,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የተርባይን ስብስብ ሁለት አድርገው በአንድ ቀፎ ውስጥ አስቀመጡት። ድምሩ 80,000 የፈረስ ጉልበትና አራት የፕሮፔለር ሻፍት ሆነ። ክብደቱም ከ4,850 ወደ 7,550 ቶን ገደማ አደገ።

ቁጥሮቹ እንደሚያሳዩት አራት ተጨማሪ ኖት ለማግኘት ጉልበቱ እጥፍ፣ ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኗል፤ መድፎቹ ግን ከስድስት ወደ ሰባት ብቻ ነው የጨመሩት። በእኔ ግምት ይህ ከጊዜው ንድፎች ሁሉ ለፍጥነት ከፍተኛውን ዋጋ ከከፈሉት አንዱ ነው። እንዲያም ሆኖ የመረጡት መንገድ፣ ማለትም ጉልበትን ከርዝመት ጋር ማስተካከል፣ ጤናማ ነበር። ንጽጽሩን ለማየት ጣሊያንን መመልከት ይበቃል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቀው የ«ባርቢያኖ» ክፍል ክሩዘር 169 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 15.5 ሜትር ስፋትና 95,000 የፈረስ ጉልበት ይዞ ለ37 ኖት ታቀደ፤ ማዕበሉ ከመርከቢቱ በ37 በመቶ ይረዝማል። እዚህ ፍጥነቱ የተገዛው በርዝመት ሳይሆን በጉልበትና በቀፎው ቅለት ነው፤ ከመርከቦቹ አንዷ «ባርቢያኖ» በሙከራ ጉዞ ከ40 ኖት በላይ ሄዳለች፤ «ባንዴ ኔሬ» የተባለችው እኅቷ ደግሞ በኤፕሪል 1942 በቶርፔዶ ስትመታ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች። ስስ ቀፎ ሂሳቡን የሚያወራርደው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የኋላ ጫፉ

በሸራ ዘመን የመርከብ የኋላ ጫፍ ከውኃው በላይ ወደ ኋላ የሚንጠለጠል ነበር፤ የመሪው ዘንግ በዚያ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ መሪውን የሚያዞሩትም ከላይ ሆነው ነው። የእንፋሎት ጦር መርከብ ይህን ቅርጽ ወርሶ ነበር፤ ነገር ግን በመድፍ ዘመን መሪውንና የሚያንቀሳቅሰውን ማሽን ከውኃ በላይ መተው አደገኛ ሆነ። አንድ ጥይት መሪውን ቢመታ መርከቢቱ በተርባይኗ ኃይል ሁሉ ክብ እየዞረች ትቀራለች። ስለዚህ የመሪው ማሽን ከውኃ መስመር በታች፣ ከብረት ለበስ ወለል ሥር ገባ፤ እርሱን ለመሸፈንም የኋላ ጫፉ ወደ ታች ሞልቶ፣ ክብ ሆኖ፣ ከመሪው አልፎ እንዲዘረጋ ተደረገ። የመርከብ ሠሪዎች ዛሬም «የክሩዘር ጫፍ» የሚሉት ይህንን ነው።

ለጥበቃ ተብሎ የመጣው ይህ ቅርጽ ያልታሰበ ትርፍ ነበረው። ቀድሞ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር የነበረው የቀፎ ክፍል ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃ መስመሩ ርዝመት ያለ ተጨማሪ ብረት ጨመረ፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ ርዝመት ማለት ፍጥነት ነው። የንግድ መርከቦች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጀምሮ ይህን ጫፍ የተዋሱት መሪያቸውን ከጥይት ለመደበቅ ሳይሆን ለከሰል ቁጠባ ነበር። አንድ የንድፍ መልስ የተወለደበትን ጥያቄ ትቶ ሌላ ጥያቄ ሲመልስ የሚታይበት ግልጽ ምሳሌ ነው።

ኢንተርፕራይዝ ላይ የኋላ ጫፉን ጉዳይ ያከበደው የሻፍቶቹ ቁጥር ነው። የቀደሙት ክሩዘሮች ሁለት ፕሮፔለር ብቻ ስለነበራቸው ቀፏቸው ወደ ኋላ ሲሄድ እንደ ልብ ሊቀጥን ይችል ነበር። አራት ፕሮፔለር ግን እርስ በርስም ከቀፎውም ሊራራቁ ይገባል፤ ካልሆነ አንዱ የሌላውን የተረበሸ ውኃ ይቀበላል፣ ቀፎውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የቀፎው ታችኛ ክፍል ወደ ኋላ ሲደርስ ሰፋና ጠፍጠፍ ማለት አለበት። ይህ ጠፍጣፋነት በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ የኋላ ጫፉ ወደ ጎድጓዳው እንዳይሰምጥ ይደግፋል፤ በዝግታ ስትሄድ ግን ተጨማሪ እርጥብ ገጽ እንጂ ሌላ አይደለም።

ሦስተኛው አማራጭ የኋላ ጫፉን እንደ ሣጥን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ውኃው ከተቆረጠው ጠርዝ በንጽሕና ተላቆ ይሄዳል፤ ለመርከቢቱም ከራሷ በላይ የረዘመች ያህል ይሆንላታል። በዝግታ ግን ውኃው ከጠርዙ አይላቀቅም፣ ከኋላዋ አዙሪት እየፈጠረ ይጎትታታል። እንግሊዞች ይህን ጫፍ በክሩዘሮቻቸው ላይ በሰፊው የተቀበሉት በ1930ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የ«ፊጂ» ክፍል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ክቡን ጫፍ ይዘው ቆዩ። ለምን እንደቆዩ ለመረዳት የንጉሠ ነገሥቱን ጉዞ እንደ መለኪያ መውሰድ ይቻላል።

ከጅቡቲ እስከ ሃይፋ በ16 ኖት

ከጅቡቲ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ አልፎ እስከ ሃይፋ ያለው መንገድ በግምት 1,500 የባሕር ማይል ነው። ኢንተርፕራይዝ በአራት ቀን ውስጥ ጨረሰችው፤ አማካዩ የቦዩን ዝግታ ጨምሮ 16 ኖት አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት የምታስነሣው ማዕበል 43 ሜትር ብቻ ስለሚረዝም በጎኗ አራት ጉብታዎች ይደረደራሉ፤ የማዕበል ጫና ከቁጥር አይገባም፣ ዋናው ወጪ ፍትጊያ ነው። ጉልበት ከፍጥነት ጋር በሦስተኛ ኃይል ያድጋል በሚለው የተለመደ ግምት ብንሄድ፣ ካላት 80,000 የፈረስ ጉልበት የተጠቀመችው 9,000 ገደማ ነው። ያውም ለ33 ኖት ሲባል የረዘመው ቀፎ በዚህ ፍጥነት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በረዘመ ቁጥር የሚፋተገው ቆዳ ይሰፋልና።

እዚህ ላይ የክቡ ጫፍ ትርጉም ይገለጣል። የእንግሊዝ ክሩዘር ዕድሜዋን የምትጨርሰው በጦርነት ሩጫ ሳይሆን በአንድ ወደብና በሌላው መካከል በ15 እና በ16 ኖት ነበር፤ ኢንተርፕራይዝም ከ1926 ጀምሮ ሰላማዊ ዓመታቷን በአብዛኛው ያሳለፈችው በሕንድ ውቅያኖስ ጣቢያ ነው። በዚህ ፍጥነት የተቆረጠ ጫፍ ዘወትር የነዳጅ ዕዳ ያስከፍላል፤ ክቡ ጫፍ ውኃውን ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። ነዳፊው ርዝመቱን ለጦርነቱ፣ ጫፉን ለሰላሙ ሰጠው ማለት ይቻላል።

የፊት ጫፍን ጉዳይ በአጭሩ ማንሣት ተገቢ ነው፤ ኬፕታውን የምትለየው በእርሱ ስለሆነ። ከእርሷ በፊት የተሠሩት የ«ሲሪስ» ቡድን ክሩዘሮች ተጨማሪ መድፍ ከፊት ስለተጫነባቸው በሰሜን ባሕር ማዕበል ውስጥ አፍንጫቸውን እየቀበሩ የፊት ወለላቸው በውኃ ይጥለቀለቅ ነበር። ኬፕታውን የምትገኝበት የ«ካርላይል» ቡድን የፊት ጫፉን ወደ ላይ አጉብጦ ሠራው፤ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ አፍንጫ ስለሚመስል በዚያው ስም ተጠራ። መርከቢቱ ውኃ ላይ የወረደችው በጁን 1919 ሲሆን የተጠናቀቀችው በ1922 ነው። ያ ጎባጣ አፍንጫ የተሠራለት ጦርነት ሳይደርስባት አልፏል፤ በግንቦት 1928 ዓ.ም. ሜዲትራኒያን ላይ የሚያስፈራው ማዕበሉ ሳይሆን ፖለቲካው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በጦር መርከብ እንግሊዝ ቢገቡ የመንግሥት እንግዳ መምሰላቸውን ስላልወደደው ጂብራልታር ላይ ወደ ንግድ መርከብ አዛወራቸው።

ረጅሙ ቀፎ ግን የኋላ ኋላ ቀኑን አገኘ። በዲሴምበር 28 ቀን 1943 ኢንተርፕራይዝ ከ«ግላስጎ» ጋር ሆና በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ አሥራ አንድ የጀርመን ዴስትሮየሮችንና የቶርፔዶ መርከቦችን ገጠመች። ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። የጀርመኖቹ አጫጭር ቀፎዎች እየዋዠቁ ማነጣጠር ሲያቅታቸው ረጃጅሞቹ ክሩዘሮች ፍጥነታቸውንም ተኩሳቸውንም ጠብቀው ሦስቱን አሰጠሙ። ለ1918 የተነደፈ መልስ ጥያቄውን ያገኘው ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ ነው።

ኩዊንሲ፦ አውሮፕላን የቀረጸው ጫፍ

መራራ ሐይቅ ላይ የቆመችው ኩዊንሲ በሌላ አስተሳሰብ የተሠራች ናት። ርዝመቷ 205 ሜትር፣ ስፋቷ 21.6 ሜትር፣ ጉልበቷ 120,000 ነው፤ ፍጥነቷ ግን እንደ ኢንተርፕራይዝ 33 ኖት። የማዕበሉ 185 ሜትር ከእርሷ ያንሳል፤ ስለዚህ ማቅጠን አላስፈለጋትም፣ የርዝመትና የስፋቷ ምጥጥን 9.5 ነው። በትልቅነት የተገኘ ፍጥነት በቅጥነት ከተገኘው የተረጋጋ ነው፤ ጋሻውንም መድፉንም መሸከም ይችላል።

የኋላ ጫፏ ግን ከፍጥነት ይልቅ በሌላ ምክንያት ነው የተቆረጠው። አሜሪካኖች ከ1930ዎቹ አጋማሽ ከ«ብሩክሊን» ክፍል ጀምሮ የቃኚ አውሮፕላኖችን ማስፈንጠሪያና ክሬን በኋላ ጫፍ ላይ፣ ማደሪያቸውን ደግሞ ከወለሉ ሥር አደረጉ። አውሮፕላን ከወለል በታች እንዲገባ ወለሉ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ መዝለቅ፣ ጫፉም መስፋት አለበት፤ ክብ ጫፍ ለዚህ ቦታ የለውም። እንግሊዞች በዚያው ዘመን አውሮፕላኖቻቸውን በመርከቢቱ ወገብ ላይ ስላኖሩ ጥያቄው አልተነሣባቸውም። አሜሪካኖች በዝግታ ጊዜ የሚከፍሉትን የነዳጅ ዕዳ እያወቁ ተቀበሉት፤ ነዳጅ አላጠራቸውም፣ በፓስፊክ ስፋት ላይ ደግሞ ዓይን ያስፈልጋቸው ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ ራዳር የአውሮፕላኖቹን ሥራ ወሰደ፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ከዚያ ወዲህ ለሄሊኮፕተር ወለልነት አመቺ ሆኖ ተገኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ቀፎ ላይ ተቀምጠው የባሕር በርን ጥያቄ አነሡ። ከሰባት ዓመት በኋላ ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ምጽዋና አሰብ መጡ፤ ከዚያም የራስ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ለእርሱም ቀፎ መፈለግ ግድ ሆነ።

«ኢትዮጵያ»

በ1962 ከአሜሪካ በውሰት የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ የሆነችው ቀድሞ «ኦርካ» ትባል ነበር። በ1944 አገልግሎት የጀመረችው በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድትከተል፣ ነዳጅ እንድትሞላላቸውና እንድትጠግናቸው ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ስፋቷ 12.5 ሜትር፣ በሁለት ሻፍት ላይ የሚሠሩት የናፍጣ ሞተሮቿ ጉልበት 6,080፣ ፍጥነቷ 18 ኖት ነው። የርዝመትና የስፋቷ ምጥጥን 7.6 ሲሆን፣ በሙሉ ፍጥነቷ የምታስነሣው ማዕበል 55 ሜትር ብቻ ነው። እንደ ክሩዘር ብትመዘን የምታሳፍር ናት።

በክሩዘር መለኪያ መመዘኗ ግን ስሕተት ይመስለኛል። የዚህ ክፍል መርከቦች ሆን ተብሎ ጥልቀት የሌለው ቀፎ የተሰጣቸው፣ አውሮፕላኖቹ በሚያርፉባቸው የደሴት ዳርቻዎችና ጠባብ ወደቦች እንዲገቡ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ክፍል 4 ሜትር ከጥቂት ነው። ከምጽዋ ፊት ለፊት ያለው የዳህላክ ባሕር በኮራልና በደሴቶች የተሞላ ጥልቀት የለሽ ባሕር ነው። ለአውሮፕላን ነዳጅና ለጥገና ሠራተኞች የተዘጋጀው ሰፊ ውስጧ ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛነት ምቹ ሆነ፤ የናፍጣ ሞተሯም ከእንፋሎት ተርባይን ይልቅ ለአነስተኛ የጥገና አቅም የሚቀል ነው። በሌላ አገላለጽ፣ ለኢትዮጵያ ሳትታሰብ የተሠራችው ቀፎ ለኢትዮጵያ ባሕር ከኢንተርፕራይዝም ከኩዊንሲም የተሻለች ነበረች። ይህ የተገኘው በምርጫ ይሁን በአጋጣሚ ከባሕር ኃይሉ የግዥ ሰነዶች ሊመረመር የሚገባው ነው፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የባሕር ኃይል ድጋፍ ስምምነት ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከሰበታ የሚነሣው የባቡር መስመር ጫፉ ያችው ንጉሠ ነገሥቱ የተሳፈሩባት ጅቡቲ ናት፤ ወደፊት በዚያ ውኃ ላይ የሚታሰብ ማንኛውም የጥበቃ መርከብ የሚመዘነው በ33 ኖት ነው ወይስ በ16 የሚለውን የሚወስነው ለመርከቢቱ የሚሰጣት የዕለት ሥራ ነው።

ኢንተርፕራይዝና ኬፕታውን ሁለቱም በ1946 ለብረታቸው ተሸጡ፤ ኩዊንሲ እስከ 1970ዎቹ ቆየች። «ኢትዮጵያ» በ1991 ምጽዋንና አሰብን ያጣው ባሕር ኃይል ሲበተን በዚያው 18 ኖት በማይሞላ ፍጥነቷ ቀይ ባሕርን ወደ የመን ተሻገረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እርሷም ለብረት ተሸጠች።